ጡሩምባ ለቀጠሮ

ቡራዩ ገበያ ውስጥ የእኔን የከብት መኖ ሱቅና ሁላችንም እትዬ የምንላቸውን ሴት የቅቤ መደብ የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው። እኔ ከሱሉልታ ድርቆሽ፣ ከሰበታ ፉርሽካና ፋጉሎ እያመጣሁ እሸጣለሁ። እሳቸው የእኔን ድርቆሽ የበላችውን ላም ቅቤ ይሸጣሉ። መካከላችን አንዲት ላም አለች ማለት ነው፤ እኔ በአፏ በኩል ነኝ፣ እሳቸው በጡቷ በኩል። ዓመታት ጎን ለጎን ስንነግድ አንዳችን ስለ ሌላችን የማናውቀው ነገር የለም ብለን እናስብ ነበር።

አንድ ሰሞን አንጀቴን አመመኝ። ሐኪሞቹ መርምረው የበሽታውን ስም ነገሩኝ። ያንን ስም ይዞ ገበያ መመለስ አይቻልም። እኛ ዘንድ በስሙ አይጠራም፤ «ያ በሽታ» ይባላል፣ እሱም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። የታመመ ነጋዴ ደግሞ እንደ ከረመ ፉርሽካ ነው፤ ሁሉም አሽትቶት ያልፋል። ስለዚህ ለሕክምና በሄድኩ ቁጥር ለገበያው «ተጂ ለድርቆሽ እየሄድኩ ነው» እል ነበር። ተጂ ተመላለስኩ፣ ተመላለስኩ፣ ድርቆሹ ግን አይመጣም። የጠየቀኝን ሁሉ «ዘንድሮ ተጂ ሣር አጠረ» እያልኩ የአንድ አገር ስም አጠፋሁ።

እትዬ በዚያው ሰሞን ጠበል ይመላለሱ ነበር። ወገቤን ነው ይላሉ።

አንድ ቀን አዲስ አበባ፣ መድኃኒቱ በክንድ በኩል በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ወንበሬን ተደግፌ ዞር ስል፣ አጠገቤ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሴት ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን አወቅኩት። እሳቸውም የእኔን አወቁት። ሁለታችንም ብንችል እንሸሽ ነበር፤ ግን ሁለታችንም በቱቦ ታስረናል።

«ተጂ ነህ ብዬ» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔም ጠበል ነዎት ብዬ።»

ከላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት ቀና ብለው አዩት። «ይኸው፣ እየተንጠባጠበ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ አብረን ተመላለስን። ከገበያ በተለያየ ሚኒባስ እንወጣና አስኮ ላይ እንገናኛለን፤ ስንመለስም አስኮ ላይ እንደማይተዋወቅ ሰው እንለያያለን። እንዲህ ተደብቀው የሚገናኙ ሰዎች በገበያው ታሪክ ውስጥ ነበሩ፣ ግን አንዳቸውም ለጤናቸው ብለው አልነበረም።

ሕክምናው አለቀ። ጉዱ የሚጀምረው ግን ሲያልቅ ነው። ታመህ ሳለ ሐኪም አለህ፣ ነርስ አለህ፣ ቢያንስ ቱቦ አለህ። ሲያልቅ «ድነሃል፣ በቀጠሮህ ና» ይሉህና በሩ ይዘጋል። የዳነው ሰው ግን የእግሩ ጣቶች እንደ ደነዘዙ ናቸው፤ ሆዱን ትንሽ በቆረጠው ቁጥር ኑዛዜ ያስባል። ቀጠሮ ሲደርስ ደግሞ አብሮት የሚሄድ የለም፤ ድኗል እኮ። ለምን ብሎ ሰው ሥራውን ፈትቶ የዳነ ሰው ይከተላል?

እኔ ቀጠሮዬን እሄዳለሁ። ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ሚስቴ ሳልሄድ ብቀር በሩን እንደማትከፍትልኝ ስለነገረችኝ ነው። እትዬ ግን ባላቸው ሞተዋል፣ ልጃቸው ጅማ ተድራለች፤ በር የሚዘጋባቸው ሰው የለም። የምትከታተላቸው ሐኪም ደረታቸው በመሣሪያ ይታያል ብላ ቀጠሮ ሰጠቻቸው፤ አልሄዱም። ሌላ ሰጠቻቸው፤ ያን ቀን ማለዳ ቅቤያቸውን ከወትሮው ቀድመው ዘርግተው አገኘኋቸው።

«ካልሄድኩ አልታመምኩም» ይሉኛል።

እትዬ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለቻቸው። ገበሬ ያመጣውን ቅቤ ከላይ እስከ ታች ይወጉና አውጥተው ያሸቷታል። መሐሉ ላይ ሙዝ ይደባለቅ ድንች፣ ሽቦዋ ትናገራለች። ላዩን ብቻ አይቶ የሚገዛ ነጋዴን ከሰው አይቆጥሩትም። በዚያ ሰሞን ሽቦዋን በግራ እጃቸው መያዝ ጀምረው ነበር፤ እኔ አዲስ የንግድ ዘዴ መስሎኝ ነበር።

«እትዬ፣ አንቱ ቅቤ ሳይወጉ ይገዛሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አልገዛም።»

«ታዲያ ይኼስ?»

«ቅቤው እኔ ስሆን አልወጋም» አሉ።

ወደ ፉርሽካዬ ተመለስኩ።

መፍትሔው የመጣው ከሬዲዮ ነው። ፉርሽካ እየሰፈርኩ ዜና ስሰማ፣ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ምክር ቤት ከካንሰር የተረፉ ሰዎች ከሕክምና በኋላ ለዓመታት ማን እንደሚከታተላቸው የሚወስን ሕግ ላይ እየተከራከረ ነው ተባለ። መስፈሪያውን ይዤ ቆምኩ። የገረመኝ ሕጉ አይደለም፤ የተረፈ ሰው ችግር እንዳለበት መንግሥት የሚባል ነገር ማወቁ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ እኛም ዘንድ ቢወጣ አልጠላም። ግን መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ከላይ ተነሥቶ፣ በክልል አርፎ፣ በከተማው ቢሮ አድሮ ቡራዩ ገበያ እስኪደርስ እትዬ የሚጠብቁ አልመሰለኝም። ስለዚህ በእግር የሚደረስበትን ምክር ቤት አሰብኩ። ዕድራችንን።

ዕድራችን ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ያውቃል፤ ጤነኛና ሬሳ። ለሬሳ የማያደርገው ነገር የለም። ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ በሕይወትህ ሰላም ብሎህ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ከኋላህ ይሰለፋል። ይህን ሁሉ የማታየው አንተ ብቻ ነህ። ከዚህ አጀብ ላይ ቀንሰው ጥቂቱን በቁሜ ቢሰጡኝስ ብዬ አሰብኩ።

እሑድ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ እጄን አወጣሁ። የዕድሩ ዳኛ እዚያው ቡራዩ ተወልደው ያረጁ፣ ሁሉም ኦቦ የሚላቸው አዛውንት ናቸው፤ በኦሮምኛ ሰላም ብለው በአማርኛ ይቀጣሉ። ተነሥቼ ያ በሽታ ይዞኝ እንደ ነበር፣ ተጂ ያልኩት ሁሉ ሆስፒታል እንደ ሆነ፣ ከዳንኩ በኋላ ግን ቀጠሮ ብቻዬን መሄድ ከበሽታው እንደ ባሰብኝ ተናገርኩ፤ ዕድሩ ለቀጠሮ የሚያጅብ ሰው እንዲመድብም ጠየቅኩ። ከኋላ አንድ የሸክላ ነጋዴ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለ፤ «ተጂ ሌላ ቤት አለህ ብዬ ስንቱን አስወራሁብህ።»

ሚስቴ ከሴቶቹ ወገን ሆና እኔም ሰምቼው ነበር አለች። ለካ በሩን እዘጋለሁ ስትል ሁለት ምክንያት ነበራት።

ክርክሩ ተጀመረ። ዕድር ለሞተ ነው፣ ላልሞተ ሰው ምን አገባው የሚል ተነሣ። ከዚያ ስኳር ያለበትስ ተባለ፤ ዳኛው ስኳር በሚቀጥለው ጉባኤ ይታያል አሉ። አንድ ሽማግሌ የበሽታው ስም ደንባችን ውስጥ አይጻፍ ብለው ተማፀኑ፤ «ያንን በሽታ አልፎ የተረፈ አባል» እንዲባል ተስማማን። እኔ በበኩሌ የማውቀውን የንግድ ክርክር አቀረብኩ። የሞተ አባል ከዚያ ቀን ጀምሮ መዋጮ አያዋጣም፤ ቀጠሮውን እየሄደ የሚኖር ግን እስኪያረጅ ያዋጣል። ይኼኔ ብዙ ራሶች ተነቀነቁ። አዘኔታ ያልከፈተውን በር ሒሳብ ይከፍተዋል።

«እንዲህ ያለ አባል ከአንተ ሌላ አለ?» አሉ ዳኛው።

እኔ ጣሪያውን አየሁ። የሴቶቹ ወገን ፊት ሁሉ ግን ቀስ ብሎ ወደ እትዬ ዞረ። የእትዬን ምስጢር ሴቶቹ ሁሉ ያውቁት ኖሯል፤ እንዳያፍሩ ብለው ነው ዝም ያሉት። እትዬ ፀጉራቸውን እንደሚያክ ሰው እጃቸውን በግማሽ አነሡ። ጸሐፊው እንደ ሙሉ እጅ ቆጠረው። እኔን ያዩበትን አስተያየት ግን ማንም አልቆጠረውም።

እንግዲህ ወደ ስሕተቱ ደረስን። ጸሐፊያችን ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነው። ሕግ ከባዶ አይጻፍም፣ ካለው ላይ ይቀዳል ብሎ ያምናል። ስለዚህ የቀብሩን አንቀጽ እንዳለ ወሰደና «ቀብር» በሚልበት ሁሉ «ቀጠሮ» ብሎ ተካው። ጉባኤው ሊበተን ሲል፣ ሰው ለምሳ ሲንቆራጠጥ፣ ቆሞ አነበበልን። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። እኔም አወጣሁ፤ ቀጠሮ የሚለውን ቃል ስሰማ ሌላው አልተሰማኝም ነበር።

ለእትዬ አዲስ ቀጠሮ ያስያዝኩላቸው እኔ ነኝ፤ ለራሴ በሄድኩበት ሐኪሟን ለምኜ። ቀኑንም ለጸሐፊው ነገርኩ። እትዬ ሲሰሙ «ንገራቸው እንጂ፣ መሄዱ የእኔ ነው» ብለው ወደ ቅቤያቸው ዞሩ።

በቀጠሮው ዕለት ገና ሳይነጋ ጡሩምባ ተነፋ። ሚስቴ ማን ሞተ ብላ ዘላ ተነሣች። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ለዓመታት ሳይለውጥ የኖረው አንድ አዋጅ አለው፤ ድምፁም ለዚያው የተሠራ ነው።

«የዕድር አባላት ሆይ፣ ስሙ። ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ...» ብሎ ቆመ። ከዚህ ቀጥሎ የሚያውቀው ቃል አንድ ብቻ ነው። ሲታገል ቆየና በዚያው የልቅሶ ድምፅ «... ዛሬ ጠዋት ቀጠሮ አላቸው» አለ።

ጎረቤታችን የመጀመሪያውን ግማሽ ሰምታ ማልቀስ ጀምራ ነበር። አንዴ ከተጀመረ ወዲያው ማቆም ነውር ስለሆነ ትንሽ ቀጠለች።

እኔ ጫማዬን በግልባጭ አድርጌ ሮጥኩ። እትዬ በር ላይ ስደርስ ድንኳኑ ግማሽ ቆሟል። ጎረምሶቹ ካስማ ይመታሉ፣ ሴቶቹ ንፍሮ በትልቅ ድስት ይዘው ደርሰዋል፣ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ጥግ ላይ ቆሟል። ሁሉም ነጠላውን ለቀብር እንደሚለበሰው አዘቅዝቋል። እትዬ በሩን ከፍተው ወጡ። ድንኳኑን አዩ። ሰዉን አዩ። ድስቱን አዩ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም» አሉ ዳኛው፤ «አካም ቡልተን እትዬ፣ እንዴት አደሩ። ቀጠሮ ነው።»

«የማን ቀጠሮ?»

«የአንቱ።»

እትዬ በሩን ተደገፉ። ከዚያ ዓይናቸው እኔን ፈልጎ አገኘ። «አንተ ድርቆሽ» አሉ፤ «በቁሜ አስቀበርከኝ አይደል?»

አልሄድም አሉ። ቅቤ የሚያመጡልኝ ገበሬዎች ይጠብቁኛል አሉ። ወገቤን አሉ። ጸሐፊው ደንቡን አውጥቶ አነበበ፤ ቀጠሮው ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣል። እትዬ ጥርሳቸውን ነከሱና እኔ ባለጉዳይዋ ነኝ፣ እንዴት ብዬ እቀጣለሁ አሉ። ሰዉ ወደ ዳኛው ዞረ።

«እትዬ» አሉ፤ «እኔ ይኼን ዕድር ስመራ አርጅቻለሁ። ከቀብሩ ቀርቶ የተቀጣ ሟች አላየሁም። ለምን ቢሉ፣ የቀረ የለም። አንቱ የመጀመሪያዋ ይሆናሉ?»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ። እትዬ ላለመሳቅ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ትከሻቸው ግን አጋለጣቸው። ገብተው ጫማቸውን ለወጡና አውቶቡሱ ላይ ወጡ። የፊት ወንበር ተለቆላቸዋል። መንገዱን በሙሉ በግራ እጃቸው ቀኝ ክንዳቸውን እያሻሹ ሄዱ። ከኋላ ሰዉ ንፍሮ እየዘገነ ስለ ጤፍ ያወራ ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንወርድ ዘበኛው ነጠላችንን አየና አንገቱን ደፋ። ሬሳ መውሰጃው በኋላ በር ነው ብሎ በጣቱ አሳየን። ዳኛው ሬሳ እንዳልያዝን፣ ሰው ይዘን እንደ መጣን አስረዱት። ዘበኛው ግራ ገባውና ከታማሚ ጋር አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚገባው አለ። ማን ይግባ ተብሎ ክርክር ሊነሣ ሲል እትዬ እጅጌዬን ይዘው ጎተቱኝ።

«እሱ ይግባ፤ እሱ ነው የለኮሰው።»

ሌላው ሰው ከዛፉ ሥር ቆመ። በመጠበቂያው ያሉ ታማሚዎች ይኼን የሚያህል ሕዝብ በመስኮት ሲያዩ ከመካከላችን ማን ይሆን ብለው እርስ በርስ ተያዩ።

እትዬ ወደ መሣሪያው ክፍል ሲገቡ እጅጌዬን አልለቅ ብለው ነርሷ ነች ያላቀቀቻቸው። ደጅ ተቀመጥኩ። እኔም ለራሴ ስጠብቅ የሚሆንብኝ ሁሉ ሆነብኝ። ልዩነቱ በመስኮት ስመለከት ሰፈሬ በሙሉ ነጠላ አዘቅዝቆ ቆሟል። ሰው በሕይወት ሳለ ይህን ቢያይ ምን ይመስል ይሆን ብዬ አስብ ነበር። ይኼን ይመስላል፤ ግማሹ ቆሞ ይጸልያል፣ ግማሹ ንፍሮ ለዘበኛው ያካፍላል።

በኋላ ሐኪሟ ሁለታችንንም አስጠራችን። ልጅ ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። በሽታው አልተመለሰም አለች። ከዚያ ሐኪሟ ቀኝ ክንዳቸውን አስገልጣ አየችው። ከላይ እስከ አንጓው አብጧል። ለካ ሽቦዋ ወደ ግራ እጅ የተዛወረችው ለዚህ ነው። ከጡታቸው ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ነገር እንደሆነ፣ ቢዘገይ እንደሚጠና፣ አሁን ግን በማሰሪያና በእንቅስቃሴ እንደሚቀንስ ነገረቻቸው። ቀድመው ቢመጡ ይቀል ነበር አለች፤ ሳትቆጣ።

«እኔማ የተመለሰ መስሎኝ ነው» አሉ እትዬ። ክንዳቸው ባበጠ ቁጥር ሞታቸውን ብቻቸውን ሲያዩ ከርመዋል፤ እኔም በአንድ ቆርቆሮ ማዶ ሆኜ ዘዴ መስሎኝ ነበር።

ስንወጣ ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። እትዬ ነጋዴ ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ዋጋ አይነበብም። ደረጃው ላይ ቆመው ሁሉንም አንድ በአንድ ካዩ በኋላ «የለም አሉ» አሉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዕድራችን ማልቀስ ያውቃል፣ ማጽናናት ያውቃል፤ ሆስፒታል በር ላይ በደህና ወሬ ምን እንደሚደረግ ግን በደንቡም የለም። ጡሩምባ ነፊው በጭንቀት ጡሩምባውን ወደ አፉ ሲያነሣ ዳኛው እጁን ያዙት። በመጨረሻ የሸክላ ነጋዴው ሄደና እትዬን አቀፋቸው፤ ከዚያ ሁሉም እየመጣ አቀፋቸው። የተረፈውን ንፍሮ መጠበቂያው ውስጥ ላሉት አስገባንላቸው። ማን ነው የሞተው እያሉ ጠየቁ፤ ማንም አልሞተም ስንላቸው ደስ ብሏቸው በሉ።

አውቶቡሱ ሲነሣ እትዬ ዞር ብለው «ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ነይ ብለውኛል» አሉ።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ።

«ደግሞ?» አሉ ዳኛው።

«ለዓመታት ነው የሚሉት።»

ዳኛው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ሰው አንዴ ነው የሚሞተው፤ ዕድሩም አቅሙን የገመተው በዚያ ነው። የሚድን ሰው ይህን ያህል ሥራ እንዳለው ያን ዕለት ገባን።

በሚቀጥለው ጉባኤ ደንቡ ተሻሻለ። ድንኳኑ ቀረ፣ ጡሩምባው ቀረ፤ አንድ አንድ አባል በተራ አብሮ ይሄዳል ተባለ። ንፍሮው ግን በአባላት ጥያቄ ጸና። ያልተገኘ ይቀጣል የምትለዋንም ማንም አልነካት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስድስት ወር የድርቆሽ ውድድሩ ጠንቶብኝ ሱሉልታ ስመላለስ ቆየሁ። አንድ ማለዳ ሱቄን ከፍቼ ፋጉሎ ስሰፍር እትዬ መጡ። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፣ ክንዳቸው ላይ ማሰሪያው አለ፣ በእጃቸው ንፍሮ የቋጠረች ፌስታል ይዘዋል። ቅቤያቸውን አልዘረጉም።

«ወዴት ነው በማለዳ?» አልኳቸው።

«ቀጠሮ ነው» አሉ። እኔ መስፈሪያውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ተራው የማን እንደሆነ ረሳህ እንዴ? ያልተገኘ ይቀጣል» አሉና ወደ ሚኒባሱ ቀድመውኝ ሄዱ።

ሱቁን ዘግቼ ተከተልኳቸው።